የሴሊን ዲዮን የፈረንሳይኛ ላይቭ አልበሞች፦ ከየትኛው ልጀምር?

ሰናይ ከሲኤምሲ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። እኔ ሴሊን ዲዮንን የማውቃት እንደ ብዙዎቻችሁ በታይታኒክ ነው። የእንግሊዝኛ ዘፈኖቿን ከጥግ እስከ ጥግ አውቃቸዋለሁ። ፈረንሳይኛውን ግን ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ በዚያ ዝናብ ኤፍል ታወር ላይ ቆማ የኤዲት ፒያፍን ዘፈን ስትጫወት አይታችኋል? ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የያዘኝ። ያንን ሁሉ በሽታ ተሸክማ!

ስቱዲዮ አልበሞቿን ቀማመስኩ። አንድ ጓደኛዬ ግን «የሷን ፈረንሳይኛ በላይቭ ካልሰማህ አልሰማህም» አለኝ። ስፈልግ የኦሎምፒያ፣ የዜኒት፣ የስታዲየም እያለ መጣልኝ። ሁሉም ፓሪስና ዙሪያዋ የተቀዱ ናቸው። ከየትኛው ልጀምር? ፈረንሳይኛዬ «ቦንዡር» ላይ ያበቃል፣ እሱን አስቡልኝ።

ጋሽ ካሴት

ሰናይ ልጄ፣ ሳታመነታ ከዜኒቱ ጀምር። «ላይቭ አ ፓሪ» የሚባለው ነው። በ1995 ማብቂያ ላይ ዜኒት አዳራሽ ተቀድቶ በ1996 ወጣ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ለምን መሰለህ? ነገሩ የሚጀምረው በ1995 ከወጣው «ዶ» ከሚለው የስቱዲዮ አልበም ነው። ዘፈኖቹን የሠራላት ዣን-ዣክ ጎልድማን ነው። ሰውዬው ራሱ ፈረንሳይ ውስጥ አንቱ የተባለ ዘፋኝ ነው። ይህች ልጅ ጉልበት እንዳላት ገብቶታል። ችግሩ በየዘፈኑ ጣሪያ ካልነካሁ ማለቷ ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ልጓም ያዘባት። ድምፅሽን ቀነስ፣ ማስጌጡን ተይው፣ ግጥሙ ይሰማ ነው ነገሩ። የሆነውን ታውቃላችሁ። አልበሙ ፈረንሳይ ውስጥ 44 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ከፈረንሳይኛ አልበሞች ሁሉ በሽያጭ የሚስተካከለው የለም። እንግሊዞች እንኳ በፈረንሳይኛ ዘፈን የማይታሙት ሰዎች «ፑር ክ ቱ ሜም ኦንኮር»ን በሰንጠረዣቸው 7ኛ አደረሱት።

«ላይቭ አ ፓሪ» ላይ የምትሰማው ያ ልጓም ሲላላ ነው። ዘፈኖቹ እነዚያው ናቸው። ከወጡ ገና ወራት ነው፣ አዳራሹ ግን ግጥሙን በቃሉ ይዞታል። እሷ ስቱዲዮ ውስጥ ያፈነችውን ትለቀዋለች፣ ጎልድማን ያስያዛትን ጨዋነት ግን አልጣለችም። ሁለቱ እኩል የተገናኙት እዚህ አልበም ላይ ብቻ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ በፊት ጉልበቱ ይበዛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ መድረኩ ገዘፈና ታዳሚው ርቆ ይታያል።

መክፈቻው «ዣቶንዴ» ነው፣ «እጠብቅ ነበር» ማለት ነው። በዚህ ዘፈን ኮንሰርት መክፈት ራሱ ብልጠት ነው። ቀስ ብላ ትገባለች። መጀመሪያ የምታወራ ነው የሚመስለው፣ እያደር ይሰፋል። አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍተህ ስማው።

ድራመሩ

ጋሽ ካሴት፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። ለጀማሪ የስታዲየሙ ይሻለዋል። «ኦ ከር ዱ ስታድ»። ሰኔ 1999፣ ስታድ ደ ፍራንስ፣ ሁለት ሌሊት። ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሳችበት ሜዳ ነው። ከዚያ ጨዋታ ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው። ሜዳውን ጢም አድርጋ ሞላችው።

ልጁ በታይታኒክ ነው የማውቃት ብሏል። «ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን» እዚያ አልበም ላይ አለ። ከሚያውቀው ተነስቶ ወደማያውቀው ይሄዳል። ደግሞ ጎልድማን ራሱ መድረክ ላይ ይወጣና «ዢሬ ኡ ቱ ኢራ»ን አብሯት ይዘፍናል። ይኼን የትም አታገኘውም። ሰውዬው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከመድረክ ጠፍቷል።

ቢጫ ታክሲ

ለኔ ሁሉም ያው ነው። ትጮሃለች፣ እናጨበጭባለን።

ድራመሩ

@ቢጫ ታክሲ አንተ እኮ ክራር ሲከረከርም «ያው ነው» የምትል ሰው ነህ።

የበረዶ ሀገር

ሰላም ጋሽ ካሴት፣ ሰላም ሁላችሁ። እኔ ሞንትሪያል ነው የምኖረው። ስለዚህ ይህ ክር የኔ ነው፣ ፍቀዱልኝ 😄

እዚህ ስትመጡ መንግሥት ለስደተኛ የፈረንሳይኛ ትምህርት ይሰጣል። ልጆቻችንም በሕጉ መሠረት በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። አስተማሪያችን አንድ ቀን የ«ዥ ሴ ፓ»ን ግጥም በወረቀት አባዝታ አመጣች። በየመስመሩ ክፍት ቦታ አለው። ዘፈኑን እየሰማን እንሞላለን። ክፍሉ ውስጥ ኮሎምቢያዊ አለ፣ ኢራናዊት አለች፣ እኔና አንድ ኤርትራዊ አለን። ያ የስቱዲዮው ቅጂ ነበር። ቃላቱ አንድ በአንድ ይለያሉ። በኋላ የዜኒቱን ሳደምጥ ያንኑ ግጥም ያለ ወረቀት ተከተልኩት። ስለዚህ ሰናይ ወንድሜ፣ ፈረንሳይኛ አልችልም ብለህ አትሽሽ። የጎልድማን ግጥም አጭር ነው፣ ቃሉም የሰፈር ቃል ነው። ከሷ ሌሎች አልበሞች ይልቅ ለጀማሪ ጆሮ የሚመቸው ይኼ ነው።

ሌላ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ኬቤክ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ክፍል ውስጥ፣ በፈረንሳይኛ መዝፈን ቀልድ አይደለም። በ1990 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ አልበሟን አውጥታ የኬቤክ ሽልማት ላይ «የዓመቱ አንግሎፎን (እንግሊዝኛ ተናጋሪ) አርቲስት» ብለው ጠሯት። መድረክ ላይ ወጥታ አልቀበልም አለች። እኔ አንግሎፎን አይደለሁም፣ ኬቤኳ (የኬቤክ ልጅ) ነኝ ነው ያለችው። የሀገሬው ሰው ይህን እስከ ዛሬ አይረሳላትም። ሻርልማኝ ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጣች የ14 ልጆች ታናሽ ናት። ለነሱ የሰፈር ልጅ ናት። ላስ ቬጋስ ስትኖርም እንደዚያው ነበር።

ጋሽ ካሴት

ተባረኪ ልጄ። ይኼን ነው የምለው። ያ ሽልማት የመለሰችበት ድፍረትና የፓሪስ መድረኮቿ አንድ ገመድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሚሊዮኖች እየሸጠች ፓሪስ ስትመጣ ቤቷ የገባች ያህል ነው የምትሆነው።

አልያንስ ፒያሳ

የኦሎምፒያውን ማን ሊያነሳው ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር። ማንም። እንግዲህ እኔው።

«አ ሎሊምፒያ» በመስከረም 1994 ሁለት ምሽት ተቀድቶ በዚያው ዓመት ወጣ። ከ«ዶ» በፊት ነው ማለት ነው። ጋሽ ካሴት «ጉልበቱ ይበዛል» ያሉት እሱን ይመስለኛል። ይበዛል፣ አልክድም። ግን አዳራሹን አስቡት። ኦሎምፒያ 2000 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። ኤዲት ፒያፍ የቆመችበት፣ ቤልጂየማዊው ዘፋኝ ዣክ ብሬል በ1966 መድረክን የተሰናበተበት ቤት ነው። ሴሊን በ1984፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፓትሪክ ሴባስቲያን የሚባል ኮሜዲያን ከመውጣቱ በፊት ታዳሚ እንድታሟሙቅ እዚያው መድረክ ላይ ወጥታለች። ሰው የመጣው ለመሳቅ ነው፣ እሷን የሚያውቃት የለም። ከ10 ዓመት በኋላ በራሷ ስም ሞላችው። በዚያ ላይ አሮጌው አዳራሽ በ1997 ፈርሶ ትንሽ ራቅ ብሎ በአምሳያው ነው የተሠራው። ስለዚህ ያ አልበም የድሮውን ቤት ድምፅ ይዟል።

እዚያ ላይ «ካን ቶን ና ክ ላሙር»ን ስሙ። የብሬል የ1956 ዘፈን ነው። ከፍቅር በቀር ምንም በእጃችን ሳይኖር ሲቀር ነው ነገሩ። ዜማው ደረጃ ላይ ደረጃ እየጨመረ የሚወጣ ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ብሬል ሲዘፍነው ያላበው ሰው ነው የሚመስለው። እሷ ግን መጀመሪያውን በጣም ትይዘዋለች። መጨረሻ ላይ ስትለቀው ታዳሚው ድምፁን አጥቶ ይቆይና ይፈነዳል።

የ«ስታርማኒያ» ቅንብርም አለ። የሚሼል ቤርዤና የሉክ ፕላሞንዶን ሮክ ኦፔራ ነው፣ የ1978። ቤርዤ በ1992 ሞቷል። ፓሪሶቹ ያንን ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ፈረንሳዊ መሆን አያስፈልግም።

ጋሽ ካሴት

ስለ ኦሎምፒያ ያልከው ሁሉ ልክ ነው ልጄ። ብሬሉ ግን በዜኒቱም አለ። ሁለቱን አስከትለህ ስማቸውና ተመለስ። በ1994ቱ እንዴት እንደምትዘፍን ልታሳየን ነው የመጣችው። በ1995ቱ ዘፈኑን ነው የምታሳየን። በመሃል የተፈጠረው ጎልድማን ነው።

አልያንስ ፒያሳ

ሰማሁት። በከፊል እቀበላለሁ። የኦሎምፒያው ላይ ያለው ድንጋጤ ግን ዜኒት ላይ የለም። ዜኒት ላይ እንደምትወደድ አውቃ ነው የወጣችው።

ትርሲት

አንድ ጥያቄ። «ላይቭ» ሲባል እውነት ላይቭ ነው? ወንድሜ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ «ጭብጨባው ብቻ ነው ላይቭ» እያለ ይቀልድብኛል።

ድራመሩ

ትርሲት፣ ወንድምሽ ግማሽ እውነት ነው የነገረሽ። ስለ ሴሊን ለይቼ አልናገርም፣ በጠቅላላው ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ላይቭ አልበም ብዙ ጊዜ የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም። ሁለትም አምስትም ምሽት ይቀዳል። ከዚያ የማክሰኞው መግቢያ፣ የረቡዕው አዝማች እየተባለ የተሻለው ይመረጣል። እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ትራክ ላይ ስለሚገባ፣ ቤዙ አንድ ቦታ ከሳተ ያችን ብቻ ስቱዲዮ ገብቶ ማረም ይቻላል። የሚያርሙ ብዙ ናቸው፣ የማያርሙም አሉ። ዘፋኟ ድምፅ የማታጣ ከሆነች ሥራው ይቀላል። እሷ ደግሞ ድምፅ አታጣም፣ በዚህ ማንም አይከራከርም።

ከባዱ ሰውየው ነው፣ ታዳሚው ማለቴ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስታዲየም ውስጥ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድራሙን የሚሰማው የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። እሱ ዘግይቶ በሰማው ላይ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ደግሞ ወደ መድረኩ ሲመለስ ያንኑ ያህል ይዘገያል። መድረክ ላይ ያለ ድራመር ያን ጭብጨባ ከተከተለ አለቀለት፣ ቴምፖው እየጎተተ ይሞታል። ስለዚህ ጆሮው ላይ ያለውን ምት ብቻ ነው የሚከተለው። በኋላ የሚቀምረው ባለሙያ የታዳሚውን ማይክራፎን ለብቻ ይዞ ወደ ፊት ይስበዋል፣ ከሙዚቃው ጋር እንዲገጥም። አዳራሽ ውስጥ ይህ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። ስድስት ሺህ ሰው ቅርብ ለቅርብ ነው።

ጋሽ ካሴት

አየህ? ራስህ መሰከርክልኝ። የዜኒቱ ሰው ከሙዚቃው ጋር አብሮ ነው የሚተነፍሰው። የስታዲየሙ ሰው ተስቦ የመጣ ነው።

ድራመሩ

ጋሼ ኧረ በፈጠረዎ! እኔ የተናገርኩት ስለ ሥራው ክብደት ነው። ያን ሁሉ ችግር አልፎ እንደዚያ መጥራቱ ነው የሚደነቀው። «ኦን ን ሻንዥ ፓ»ን ይስሙት። ያቺ የሰፈር ልጅ አሁንም ውስጤ አለች የሚል ዘፈን ነው። ያንን በዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ፊት መዝፈን ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ያን ያህል አይመታም ነበር። ዶሚኒክ ሜሲዬ ደግሞ ድራሙን ምንም ሳያበዛ ነው የሚይዘው። እኔ የሠርግ ባንድ ውስጥ የምመታ ሰው ነኝ፣ ሳያበዙ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቀዋለሁ።

የበረዶ ሀገር

ስለ «ቮል» ማንም አላነሳም። እሱ ካልተነሳ የዜኒቱ አልበም አልተነሳም።

«ቮል» ብረሪ ማለት ነው። ሴሊን የእህቷ ልጅ ነበረቻት። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባን የሚያፍን ከውልደት የሚመጣ በሽታ ነበረባት። በ1993 በ16 ዓመቷ አረፈች። ጎልድማን ዘፈኑን የጻፈው ለሷ መታሰቢያ ነው። ሴሊን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚህ ካናዳ ለበሽታው ማኅበር ገንዘብ ታሰባስባለች።

ግጥሙ ውስጥ በሽታ የሚል ቃል የለም። ሆስፒታል የለም። ታማሚዋን ሂጂ፣ ዕረፊ፣ ይበቃሻል እያለ ማሰናበት ብቻ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ቤተሰብ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚለው ይኼንኑ ነው። «አትሂጂብኝ» የሚለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በመጨረሻው ሳምንት ማንም እንዲያ አይልም። ጎልድማን ይህን ከየት እንዳወቀው ይገርመኛል። እሷ ደግሞ ያንን ዘፈን በየምሽቱ መድረክ ላይ ቆማ ትዘፍነዋለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። ጋሽ ካሴት ልጓም ያሉት እዚህ ላይ ነው የገባኝ።

ትርሲት

እህቴ አስለቀስሽኝ። ማታ ነው የምሰማው።

ቢጫ ታክሲ

እሺ፣ እኔም ይህን አንዱን እሰማለሁ። አንዱን ብቻ።

ዜማ ፈላጊ

ከርዕስ እንዳልወጣ እንጂ፣ እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ላይቭ አልበም ለምን አይሠራም? ኮንሰርቱ እንደሆነ በየጊዜው አለ።

ድራመሩ

ዋናው ገንዘብ ነው። ሁሉን መሣሪያ ለየብቻ መቅዳት ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል። አዘጋጁ ትኬቱን ሸጦ ጨርሷል፣ ለምን ይጨነቃል? ሰው ደግሞ በስልኩ ቀድቶ ማታውኑ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። በዚያ ላይ ሽልማቱ አለ። ዘፋኙ ግንባር ላይ ብር እየተለጠፈ፣ «እናመሰግናለን ወንድማችን እከሌ» እየተባለ እንዴት አድርገህ ትቆርጠዋለህ?

አልያንስ ፒያሳ

ግን አንድ ከፓሪስ ጋር የሚያገናኘን አለ። የድሮ ሙዚቃችንን ለዓለም ያሰማው «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት ፓሪስ ነው የወጣው። 20ኛው ቁጥር አዲስ አበባ የተቀዳ ላይቭ ነው። የተጫወቱት አይዘር ኦርኬስትራ የሚባሉ አሜሪካኖች ናቸው። የኛን ዘፈን ፈረንጅ ተጫውቶት፣ ፈረንሳይ አሳትሞት በላይቭ ሰማነው ማለት ነው። ምን ይባላል?

ጋሽ ካሴት

እሱ ራሱን የቻለ ክር ነው። ክፈተው፣ እመጣለሁ። እዚህ ሴሊንን አንልቀቅ።

ሰናይ ከሲኤምሲ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ዜኒቱን ጨረስኩ። ጋሽ ካሴት እንዳሉት «ዣቶንዴ»ን በጨለማ ሰማሁት። ያልጠበቅሁት ግን «ሌ ደርኒዬ ሰሮን ሌ ፕረሚዬ» ነው። ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ የሚለው እኮ ነው፣ ወንጌሉ! በዚያ ሞቅ ባለ ምት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሁለት ሦስቴ መለስኩት። «ፑር ክ ቱ ሜም ኦንኮር» ላይ ደግሞ አዳራሹ ራሱ ሲቀበላት እኔም ሳላውቀው አብሬ አጉረመርም ነበር። ቃሉን ሳላውቅ።

አንድ ቅር ያለኝ፣ መሃሉ ላይ እንግሊዝኛው ሲገባ ስሜቱ ይቋረጣል። «ሪቨር ዲፕ ማውንቴን ሃይ» ምን ሊሠራ መጣ?

የበረዶ ሀገር

እኔም እሱን እዘላለሁ። «ዘ ፓወር ኦፍ ላቭ»ን ግን ተውላት፣ ያኔ ዓለም ሁሉ ያንን ነበር የሚጠይቃት። በየአልበሞቹ ላይ እንግሊዝኛው ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ፈረንሳይኛ ብቻ የምትፈልግ ከሆነ ራስህ መርጠህ ፕለይሊስት ሥራ።

ዜማ ፈላጊ

ከነዚህ ሦስቱ ሌላ የለም?

የበረዶ ሀገር

አለ። «ሴሊን ዩን ስል ፍዋ» የሚባል በ2014 የወጣ። ኬቤክ ከተማ አብርሃም ሜዳ ላይ በሐምሌ 2013 ያደረገችው ኮንሰርት ነው መነሻው። ድምፅዋ ወፍሯል፣ ዕድሜ አለበት፣ እኔ እሱንም እወደዋለሁ። ግን እንደ መጀመሪያ አልበም አልመክርም። ድሮ የነበረችውን ሳታውቅ አሁን የሆነችውን አታጣጥመውም።

ሰናይ ከሲኤምሲ

ጋሽ ካሴት፣ ያን የብሬልን ዘፈን ከሷ ሰማሁና ሰውዬውን ራሱን መስማት አማረኝ። እሱም ላይቭ አለው?

ጋሽ ካሴት

አለው እንጂ! «ኦሎምፒያ 1964» የሚለውን ፈልግ። እዚያ ላይ «አምስተርዳም» አለ። ስለ ወደብ መርከበኞች የሚያወራ ነው። ሰውዬው ያንን ዘፈን ስቱዲዮ ገብቶ ቀድቶት አያውቅም። ዓለም የሚያውቀው ያንን የኦሎምፒያ ምሽት ብቻ ነው። ታዳሚው መጨረሻው ላይ አላስቀጥልም እስኪል ያጨበጭባል። ከሱ በኋላ ምን እንደምትሰማ እኔ አልነግርህም፣ ራስህ ታገኘዋለህ።

ድራመሩ

ከሱ በኋላማ ስታዲየሙን ነው የሚሰማው። ሰናይ፣ ስትጨርስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ጋሽ ካሴት እንዳያዩት።

ጋሽ ካሴት

አያለሁ።